እናቴ ክንዴ ላይ የቀለለችበት ሰሞን

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከመስቀል ማግስት እስከ ገና ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ዛሬ የምጽፈውም ስለወጣልኝ አይደለም፤ ብረት ባነሳሁ ቁጥር እየመጣ ፊቴ ስለሚቆም ነው። አዎ፣ ብረት ማንሳት የምወድ ሴት ነኝ። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው። አላገባሁም፤ ወንድምም እህትም የለኝም። እናቴ ከቡሬ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ብቻዋን ትኖር ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ላይ ግራ ጎኗ በድንገት አልታዘዝ አላት። የአገሯ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወጡልኝ፤ እኔም ከዚያ ተቀብዬ አሳክሜ ወደ ቤቴ አመጣኋት።

በሽታው እጅና እግሯን ሲይዝ ምላሷን አልነካውም። ጠዋት ከአልጋ አንስቼ ግቢ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር አስቀምጣታለሁ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ወደ ውስጥ አስገባታለሁ። ሽንት ቤት ስትል ደግሞ እንደገና ነው። አነሳሴን ስለማላውቅበት ሁሉንም በወገቤ ነበር የማነሳት። መስከረም ሳያልቅ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ።

አንድ እሑድ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው፣ “እናትሽ እንዴት አደሩ?” አሉኝ።

“እሷስ ደህና ናት፤ ያለቅሁት እኔ ነኝ። ከበደችኝ እትዬ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲሉ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር” አልኳቸው።

ሁለታችንም ሳቅን። እናቴ ከግድግዳው ማዕዘን ወዲያ ተቀምጣለች። ሄጄ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። ተኝታለች ብዬ ጋቢዋን አስተካክዬላት ገባሁ።

በሳምንቱ የጽጌ ጾም ሊገባ ሲል፣ “ልጀ፣ ዘንድሮ ጽጌን ልጹም” አለችኝ።

“እማዬ፣ የታመመ ሰው ደግሞ ምን ጾም አለበት?”

“ለእመቤቴ የተሳልኩት አለ። ደግሞስ ቁጭ ብየ እየዋልኩ ምን ጉልበት አወጣሁና ነው የምበላው?”

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመው የፈለገ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጾም ይዣለሁ ያለን ሰው ብላ ብሎ መሟገት ነውር ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ኮርቼባትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስወጣ ምሳዋን በሳህን ከድኜ በቀኝ እጇ በኩል አስቀምጥላታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እበላዋለሁ ትለኛለች። ስመለስ ሳህኑ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ማታ ደግሞ ምሳው አልወረደልኝም ብላ ከጥቂት ጉርሻ አታልፍም።

እትዬ ስንዱ የወገቤን ነገር አልረሱም ኖሯል፤ ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ባለቤታቸው መምህር አዱኛ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ብረት ያነሳሉ፣ ሰፈሩንም ያስነሳሉ። ብረት ይባል እንጂ አብዛኛው ሲሚንቶ ነው። በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቱቦ ብረት ላይ አስገብተው የሠሩት ነው። እያንዳንዱን እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ መዝነው ኪሎውን በቀይ ቀለም ጽፈውበታል።

“እናትን ማንሳትም ብረት ማንሳትም አንድ ነው” አሉኝ። “ወደ ገላሽ አስጠግተሽ ያዢ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ በእግርሽ ተነሺ። ወገብሽ ዝም ብሎ ይከተል።”

ሄጄ የነበረው ለአንድ ቀን ነው። አነሳሱን አይቼ ልመለስ። ሃያ ኪሎውን ጨብጬ እንዳሉኝ ስነሳ ግን ብረቱ ከመሬት ተላቀቀና ከእኔ ጋር ቆመ። አሳቀኝ። ደግሜ አነሳሁት። ከዚያ ቀን በፊት ሰውነቴን የማውቀው ሲያመኝ ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ግን እግሬም ክንዴም የራሴ መሆናቸውን አወቅሁ። በማግስቱ ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ እዚያ ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ቢሮ ውስጥ ፋይል ስደረድር እንኳ እጄ ብረቱን ይናፍቅ ነበር።

ጥቅምት እያለቀ ሲሄድ እናቴ ክንዴ ላይ ቀለለች። በመጀመሪያው ቀን መሰለኝ ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ ግን በእርግጥ ቀልላለች። ደስታዬ ወሰን አጣ። በረታሁ አልኩ።

“እማዬ፣ ዛሬ እኮ እንደ ላባ ነሽ!” አልኳት አቅፌያት ደጃፉን ስሻገር።

“ቀለልኩልሽ?” አለችኝ።

“በጣም!”

“ተመስገን” አለችና ፊቷን አንገቴ ሥር አደረገች።

ግቢ ውስጥ የማረባቸው ጥቂት ዶሮዎችም ነበሩኝ፤ ያን ሰሞን ወፍረው ነበር። እንቁላሉም ጥሩ ነበር። ጉራ አያልቅብኝ፣ በዶሮ እርባታም ተዋጣልኝ ብዬ መሥሪያ ቤት አውርቻለሁ።

አላየሁም ማለት አልችልም። ገላዋን የማጥብላት እኔ ነበርኩ። የጎድን አጥንቷን አይቻለሁ። ይህ እርጅና ነው፣ ይህ በሽታው ነው፣ ይህ ጾሙ ነው እያልኩ አለፍኩት። ጽጌ ሲያልቅ የነቢያት ጾም ገባ፤ እሷም ሳትፈታ ቀጠለች። እኔም አርባ ኪሎ ማንሳት ጀመርኩ።

ገና ሊደርስ ሲል የቀጠሮዋ ቀን ሆነና ወደ ጤና ጣቢያው በባጃጅ ወሰድኳት። መግቢያው ላይ ደረጃ አለ። ሰው ሊረዳኝ ሲጠጋ እምቢ ብዬ ብቻዬን አቅፌ ወጣሁ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አየኝ። አንድ ሽማግሌ፣ “እንዲህ ያለች ልጅ ትብዛ” ብለው መረቁኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ዛሬ ከዕድሜዬ ሁሉ ያቺን ደቂቃ ባጠፋት ደስ ይለኛል።

እናቴ ብቻዋን መቆም ስለማትችል ነርሷ አቅፌያት ሚዛኑ ላይ እንድወጣ አደረገችኝ። ከዚያ እኔን ብቻዬን መዘነችኝና ቀነሰች። ካርዱን አየች፣ እኔን አየች።

“መስከረም ላይ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነበሩ። አሁን አርባ አንድ ናቸው። ምንድን ነው የሚመገቡት?” አለችኝ።

“ጾም ላይ ናት” አልኩ።

“በጾም ብቻ አሥራ አንድ ኪሎ?”

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።  ቤት ደርሰን ወንበሯ ላይ ሳስቀምጣት ዶሮዎቹ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ተሯሩጠው ቀኝ እጇን ከበቡት። እጇ ባዶ ነበር። እነሱ ግን አልሄዱም፤ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ያኔ ገባኝ።

“እማዬ፣ ምሳሽን ለእነዚህ ነው የምትሰጪው?”

ቀኝ እጇን ከዶሮዎቹ ስባ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ “ሃምሳው ሎሚ ላንች ለብቻሽ ሆነብሽ ልጀ” አለችኝ። “ጎንሽ ሲሰበር እያየሁ ምን ላድርግ? እኔ ተነሥቸ አልሸከምልሽ። ቢቀንስልሽ ብየ ነው።”

እግሯ ሥር ወድቄ አለቀስኩ። ሁለተኛ እንዳታደርገው በእመቤታችን አስማልኳት። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ በእጄ አጎረስኳት። እሷም እምቢ አላለችም፤ እኔን ለማስደሰት ትውጥ ነበር። ሁለት ኪሎ ያህል መለሰች። ዓብይ ጾም እንደገባ ግን በሽታው ተመለሰባትና በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሐኪሙ የደም ግፊቱ ነው፣ ባትጾምም አይቀርም ነበር አለኝ። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ሳስበው አምነዋለሁ። ብረቱ አጠገብ ስደርስ አላምነውም።

የቀበርናት አገሯ ነው። መኪና ከማይገባበት ጀምሮ እነዚያው ያመጧት ሰዎች ተቀበሏት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ “አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አልከበዱን፤ ቀለው ነው የሄዱ” አለኝ። ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ለእናቷ ነው ብሎ ያዘኝ።

ሦስት ወር ወደ ብረቱ አልሄድኩም። ከዚያ ሄድኩ። መተው አልቻልኩም፤ እወደዋለሁ። መጀመሪያ የወደድኩት እናቴ እየራባት ሳለ መሆኑን አውቃለሁ፤ አሁንም እወደዋለሁ። የሚያሳፍረኝም የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። አርባ አንድ ኪሎ የሚሆነውን አደራደር ግን ነክቼው አላውቅም። ከአርባ ተነሥቼ ወደ አርባ አምስት እሻገራለሁ። መምህር አዱኛ ለምን ትዘልያለሽ ሲሉኝ ጣሳ መደርደሬን እቀጥላለሁ። ሌሎቹ ሲያነሱ “ኧረ ከበደኝ!” ብለው ይጮኻሉ። እኔ ያቺ ቃል ከአፌ አትወጣም።

ባለፈው ወር ሃምሳ ሁለት ኪሎ አነሳሁ። በትክክል ሃምሳ ሁለት። ጣሳዎቹን እኔው መርጬ ደረደርኳቸው። ወደ ገላዬ አስጠጋሁት፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ተነሣሁ። እትዬ ስንዱ በር ላይ ሆነው እልል አሉ። መምህር “ጎበዝ! በቃ አውርጂው” አሉኝ። እኔ ግን አላወረድኩትም። “አውርጂው እንጂ!” ብለው ደገሙ። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ደረቴ ላይ ይዤው ቆምኩ። መስከረም ላይ ከነሙሉ ኪሎዋ ከአልጋዋ ያነሳኋት እናቴ ይህችው ነበረች።

የሚነሳ ነበር። ትንሽ ብትታገሰኝ ኖሮ አነሳት ነበር።