አንገቷ ያልተጠመዘዘ ጫጩት

ባለቤቴ ጄቤዝ ታፕስኮት የሐር ሸማኔ ነበር። ቤዝናል ግሪን በሚባለው ሰፈራችን ሸማኔ ሁሉ ጣሪያው ሥር እርግብ ያረባል፤ እሱም ያረባ ነበር። ካረፈ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው።

ዴቨን በተባለ ሩቅ አገር የሚኖሩ ሚስተር ዌልደን የሚባሉ የተፈጥሮ ተመራማሪ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ፍጥረታት በብዙ ዘመን ከአንድ ዘር እየተለወጡ መጡ የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ አዲስ ነበር። ሚስተር ዌልደን ሐሳቡን ደግፈው በከተማቸው ምሁራን ፊት ሲናገሩ ተስቆባቸዋል። ስለዚህ ጄቤዝን ጠየቁት፤ የእርግብ ዓይነት ሁሉ የመጣው ከአንዷ፣ ገደል ላይ ከምትኖረው ሰማያዊ የዱር እርግብ ይሆን?

ጄቤዝ ነጭ ከጥቁር አዳቀለ፤ ልጆቻቸውን ደግሞ እርስ በርስ። ከልጅ ልጆቹ አንዷ ሰማያዊ ሆና ወጣች፤ ክንፏ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለ፣ ልክ እንደ ገደሏ እርግብ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጫጩት ከተፈለፈለ ዘሩን ያሰድባል ተብሎ አንገቱ ይጠመዘዛል፤ ለጎረቤትም አይወራም። እሱ ግን አሳደጋት። ለሚስተር ዌልደንም፣ አዎን፣ ከአንድ ናቸው ብሎ ጻፈ። የጻፈውንም ከማንም አልደበቀም።

ጄቤዝ አባል የሆነበት የእርግብ አርቢዎች ማኅበር ሰብሳቢ ኦባዲያ ክሪክ ነጫጭ እርግቦቻቸው ከኖኅ መርከብ ጀምሮ ንጹሕ ናቸው እያሉ አርባ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ጄቤዝ ያለውን ማኅበሩ ፊት ቀርቦ ካላስረዳ ስሙ ከማኅበሩ እንደሚሰረዝ አስነገሩት። ድሮም ሳምንት ሙሉ ሸምኖ ሲውል የሚያስበው ያንን ማኅበር ነበር። አሁን ምግብ አልበላም አለኝ።

ሰኞ፣ ሸማኔ በማይሠራበት ቀን፣ ማኅበሩ ወደሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ሄድን። ሰማያዊዋ እርግብ ያለችበትን ቅርጫት የያዝኩት እኔ ነኝ። ክሪክ እርግቧን አዩና፣

«ይህችን ከባቡር ጣቢያው ጣሪያ ላይ ነው የያዝካት? ወይስ ሚስትህ ልትጠብሳት ስትል ነጥቀሃት መጣህ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጄቤዝ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ሚስተር ክሪክ፣ እስከ ዛሬ የስንት ሰማያዊ ጫጩት አንገት ጠምዝዘዋል?»

ክሪክ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አዞሩ።

«ሁለት» አሉ። ቆየት ብለው፣ «በዓመት» አሉ።

ጥግ ላይ የተቀመጠው ወፍራሙ ኢኖክ ፔል ተነሳ።

«እኔ ብቻ መስሎኝ ሃያ ዓመት ሳፍር ኖርኩ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተናገረ። አንዱ አምስት ይላል፣ ሌላው መቁጠር ትቻለሁ ይላል። ጄቤዝ የእያንዳንዱን ቃል ጻፈ፤ አሥራ አንድ ሰው ፈረመበት። ክሪክ ከጄቤዝ ቀጥለው፣ በትልልቅ ፊደል ፈረሙ። ወረቀቱ ለሚስተር ዌልደን ተላከ።

በወሩ የሚስተር ዌልደን መልስ መጣ። ክሪክ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ሚስተር ዌልደን ወረቀቱን በምሁራኑ ፊት ሲያነቡ፣ ባለፈው ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ሐኪም ተነስተው፣ የሸማኔዎቹን ስም ድገሙልኝ፣ ልጻፈው ብለዋል። የጄቤዝ ስም የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ይበርዳል። ጄቤዝ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ራሱ ላይ ማድረግ ረስቶ ነበር የሚሄደው። እኔም ባርኔጣህን አድርግ አላልኩትም።