ለሽምግልና ኢገን ሄደን ዜናው ቀድሞን የጠበቀን ዕለት

ሚኒሶታ ውስጥ ከምትገኘው ክሪስታል የተነሣነው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ዓላማችን አንድና ግልጽ ነበር፦ ኢገን ከተማ የሚኖሩትን ጋሽ ተፈራን ለምነን፣ ልጃቸው ሊያ በሚመጣው ቅዳሜ በወንድሟ ሠርግ ላይ እንድትገኝ ማስፈቀድ። ሊያ ጓደኛዬ ናት። ትራንስጀንደር ናት። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዘገበች፤ እሷ ግን ሴት መሆኗን ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ካደገች በኋላም እንደ ሴት መኖር ጀመረች። አባቷ ለዓመታት አኩርፈው ቆይተው በበረዶው ወራት ልባቸው ራራና “ለወንድምሽ ሠርግ ነይ” አሏት።

ከዚያ በሌላ ስቴት አንድ ትራንስጀንደር የሆነ ሰው በከባድ ወንጀል ተያዘ። ወሬው ከቴሌቪዥን ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ቴሌግራም ግሩፖቻችን ገባ። በሳምንቱ ጋሽ ተፈራ ደውለው “አሁን ይቅርብሽ” አሏት። ሊያ ያን ሰው አታውቀውም። በዚያ ስቴት እንኳ አልፋ አታውቅም።

ሀይዌይ 100

ለሽምግልና ሦስት ሆኖ መሄድ ደንብ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ የሥራ ሺፍቱን የሚቀይርለት ሰው ስላጣ እኔ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቴን የያዝኩ አስተማሪ፣ ሾፌርም ሽማግሌም ሆኜ ተተካሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ያስታረቁት ባልና ሚስት ብዙ ነው።

“ስሚ” አሉኝ ቀበቷቸውን እያሰሩ። “ስንገባ ማንም እንዳይቀመጥ። ቆመን ነው የምንለምነው። ‘እሺ’ ሳንባል ከተቀመጥን፣ እህል ከቀመስን፣ አለቀልን። ባለቤቱ የሚጨነቀው እንግዳ ቆሞበት ሲያይ ነው።”

“ገባኝ ጋሽ ወርቁ።”

“ደግሞ እንደ ክፍል ተማሪ ሌክቸር እንዳታደርጊያቸው።”

ብሉሚንግተን

በትልቁ የገበያ ማእከል ፓርኪንግ ዳር የተቆለለው በረዶ ገና አልቀለጠም፤ ጠቁሮ የአፈር ክምር መስሏል። ባዶ እጅ ላለመሄድ በሃያ ሁለት ዶላር አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ገዛን። ጋሽ ቶሎሳን ከአፓርትመንታቸው በር ላይ አነሣናቸው። ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ወሬ ያሟሙቃሉ።

“አንዱ የአገራችን ልጅ እዚህ ሰው ደብድቦ በኒውስ የወጣ ጊዜ፣ አንድ በሽተኛ የስም ባጄን አየና ‘ከዚያ አገር ነህ?’ አለኝ። ‘አዎ’ ስለው ‘ሌላ ሰው ይምጣልኝ’ አይልም? እኔ ልጁን በዓይኔ አላየሁት! ስንት ዓመት የሠራሁበት ፎቅ ነው እኮ!”

“ወይ ግፍ!” አሉ ጋሽ ወርቁ።

የሚኒሶታን ወንዝ እየተሻገርን ነበር። ውኃው ሞልቶ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ጋሽ ቶሎሳ ወንዙን እያዩ “ግን እነዚህ በኒውስ የወጡት ትራንስ ምናምን የሚባሉት ያስፈራሉ” አሉ።

መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። “የወጣው አንድ ሰው ነው፣ ጋሽ ቶሎሳ። አሁን እርስዎ የነገሩን ምን ነበር?”

“እሱ ሌላ ነው።”

“ዛሬ ሽማግሌ ነሽ፤ ሽማግሌ አይቆጣም” ብለው ጋሽ ወርቁ ቀለዱብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ኢገን

ጋሽ ተፈራ በሩን ከፍተው ስመው ተቀበሉን። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን በርቷል፤ የሚያሳየውም ያንኑ ጉዳይ ነው። ተከሳሹ በካቴና ታስሮ ሲገባ ከሥሩ በትልቁ የተጻፈው “ትራንስጀንደር” የሚለው ነው፤ የወንጀሉ ዓይነት የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በዚያ ሳምንት የታሰረ ሌላ ሰው ሁሉ ጾታው ርእስ ሆኖለት ይሆን?

“ፍርድ ቤት ቀረበ እንዴ?” አሉ ጋሽ ወርቁና ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ቶሎሳም “እስቲ ድምፁን ጨምረው” ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። የሊያ እናት ምሳ አቀረቡ። ጋሽ ወርቁ ጎረሱ። ስለዚያ ሰው አስተዳደግ፣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለሚገባው ቅጣት ብዙ ተወራ። የሊያን ስም ያነሣ የለም። እኔ በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ነኝ።

“ተቀመጪ እንጂ፣ ቲቸር” አሉኝ ጋሽ ተፈራ።

“ጉዳያችንን ሳይሰሙን አልቀመጥም።”

“ዋናዎቹ ሽማግሌዎች ጭማሪ እንጀራ ላይ ደርሰዋል፣ አንቺ ገና በር ላይ ነሽ!” ብለው ሳቁ። ጋሽ ወርቁ ያን ጊዜ ነቁ፤ ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ።

“የመጣነው ስለ ሊያ ነው” አልኩ።

“አውቄያለሁ። አልጠላኋትም እኮ። ግን አዳራሹን የሚሞላው ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ነው የሚመጣው።”

“እሷ ያጠፋችው ነገር አለ?”

“እሷማ ምንም አላጠፋችም።”

“ታዲያ የምትቀጣው ለምንድን ነው?”

በእጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። ወደ ጋሽ ቶሎሳ ዞሬ “የዚያን በሽተኛ ነገር ይንገሯቸው” አልኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ሳህናቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በሶፍት ጠርገው ተነሡና አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የበሽተኛውን ነገር ግን አላወሩም። “ተፌ፣ ትምጣ” አሉ ብቻ። ጋሽ ወርቁም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

ጋሽ ተፈራ ሦስታችንን አፈራርቀው አዩን። “እሺ፣ ትምጣ። ግን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጥ። ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ አትነሣም።”

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ለሠርጉ ዝግጅት እዚያው ሲቀሩ ጋሽ ወርቁ በር ድረስ ሸኝተውኝ “አሸነፍን!” አሉኝ።

ሴንት ፖል

በ35ኢ አውራ ጎዳና ብቻዬን ወደ ሊያ ነዳሁ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቤቷ የደረስኩት ከሥራ እንደተመለሰች ነው። የሆነውን ሁሉ በተራ ነገርኳት።

“አባዬ ስለ እኔ ምን ጠየቀ? ደኅና ናት ወይ አላለም?”

“ምንም አልጠየቀም።”

ጫማዋን አውልቃ ከበሩ ሥር አስተካክላ አስቀመጠች። “እንግዲያው በሩ አጠገብ ያለው ወንበር የእኔ አይደለም። የቴሌቪዥኑ ሰው ወንበር ነው። እሱን ይጋብዙት። ወንድሜን ለብቻው እራት እጋብዘዋለሁ።”

ክሪስታል

ቤቴ ስደርስ ንዴቴ አልበረደም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ የሚያሳፍር ነገር ነው፦ የእኛ ሰው ሲያጠፋ “እኛን አይወክልም” ለማለት የሚቀድመን የለም፤ የሌላው ሲሆን ግን አንዱን በካቴና አይተን ሁሉንም እናስራለን። ወንዝ ተሻግረን ስለ አንዲት ልጅ ልንለምን ሄደን፣ ምሳው ያለቀው ስለማናውቀው ሰው ሲወራ ነው።

ጋሽ ተፈራ ዘንድ ደወልኩ። “ሊያ አትመጣም” አልኳቸው።

“እንዴት? ፈቅጃለሁ እኮ!”

“የፈቀዱት ለእሷ አይደለም።”

“ምን አለች?” አሉ ቀስ ብለው። በዚያ ቀን ስለ ልጃቸው ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

“ራስዎ ደውለው ይጠይቋት” አልኳቸው።