አሥራ አንድ ይቅርታ

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በኒጋታ ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሰኞና ሐሙስ ብቻ ጀርመንኛ የምታስተምረው፣ ቢሮ የሌላት፣ ቢሮ ስለሌላትም በር የሌላት፣ በር ስለሌላትም ስሟ የትም ያልተለጠፈው የሃምሳ ስምንት ዓመቷ ናጋሴ ሱሚዬ፣ የመምህራን ሠራተኛ ማኅበሩ የምርጫ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ሆና መሾሟን እወቅ፣ አውቀህም እጅ ንሳ! ካባ አልተደረበላትም፤ ነጋሪት አልተጎሰመላትም። ለማዕረጓ የተሰጣት ፖስታ መቅደጃ አንድ መቀስ ነው።

ሹመቱ በዕጣ ነበር። ማኅበሩ ማንም የማይፈልገውን ሥራ የሚያድለው በመሰላል ዕጣ ነው። በሰዎቹ ቁጥር ልክ ከላይ ወደ ታች መስመር ይሰመራል፤ ከአንዱ መስመር ግርጌ ክብ ይደረጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በፈለገው ሁለት መስመር መካከል አንድ አንድ መወጣጫ ይጨምራል። ከስምህ ተነሥተህ፣ መወጣጫ ባገኘህ ቁጥር እየታጠፍክ ትወርዳለህ። ክቡ ላይ ያረፈ ዕዳው የሱ ነው። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ነገር የለም ይላሉ። በእርግጥም የለም፤ ግርጌውን በወረቀት መሸፈን ካልተረሳና የመጨረሻውን መወጣጫ የሚያሰምረው ሰው ፕሮፌሰር ቶኩናጋ ካልሆነ።

ቶኩናጋ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነው። ስለ ምርጫ ኮሮጆ ታሪክ ሦስት መጽሐፍ ጽፏል። ተፎካካሪ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት መስመሮቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ወርዶ፣ አንዲት አጭር መወጣጫ ጣል አደረገና እስክርቢቶውን ከደነ።

"ናጋሴ ሰንሴ፣ እንኳን ደስ አለዎት!" አለ። እዚህ ግቢ ሁሉም ሁሉን "ሰንሴ" ይላል፣ መምህር ማለት ነው፤ ማን የእውነት ሰንሴ እንደሆነ የሚለየው መጋቢት ላይ፣ ውል ሲታደስ ነው። "እርስዎን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው፣ ዕጣው ራሱ አወቀዎት።"

"ያወቀኝ ዕጣው አይደለም፣ እስክርቢቶዎ ነው።"

"ሃ ሃ! ቀልድዎ አይጠገብም። እንግዲህ አስፈጻሚ ሆነው ቅስቀሳ እንደማይቻል ያው ያውቁታል። አንቀጽ አሥራ አራት።"

ነገሩ ሁሉ ለዚች ለአንቀጽ አሥራ አራት ነበር። ናጋሴ ሁለት ወር ሙሉ በየመምህራኑ ክፍል እየዞረች "በቶኩናጋ ስም ላይ ኤክስ አድርጉ" ስትል ከርማለች። አሁን አፏ በሹመት ተለጎመ።

ለምን ዞረች? ናጋሴ ሃያ አንድ ዓመት የኖረችው በየዓመቱ በምትታደስ አንዲት ወረቀት ላይ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የወጣው ሕግ፣ ውሉ ሲታደስ ከአምስት ዓመት ያለፈ ሠራተኛ "ቋሚ ልሁን" ብሎ መጠየቅ ይችላል ይላል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለሕጉ መድኃኒት አገኘለት፤ አምስቱ ዓመት ሊሞላ ሲል መምህሩን ለስድስት ወር ያሰናብተዋል፤ ስድስት ወር የወጣ ሰው ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ይህንንም "ማቀዝቀዝ" ይሉታል። ናጋሴ ከአሁን በፊት አንድ ጊዜ ቀዝቅዛ ታውቃለች፤ ያን ስድስት ወር በአንድ ሱፐርማርኬት ጓዳ ዓሣ ስትጠቀልል ነው ያሳለፈችው። አንድ ተማሪዋ በመስኮቱ አይቷት "ሰንሴ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" ቢላት፣ "እየቀዘቀዝኩ ነው" አለችው፣ እጇን ከበረዶው ሳታወጣ።

ዘንድሮ ይህ መድኃኒት እንደሷ በዓመት ውል በሚያስተምር ተባራሪ መምህር ሁሉ ላይ የሚሠራ ደንብ ሊሆን ነው። ደንቡ ከሚያዝያ እንዲጸና የማኅበሩ ሊቀመንበር "ተቃውሞ የለንም" ብሎ በመጋቢት መፈረም አለበት። ቶኩናጋም እፈርማለሁ ብሏል፤ ከአስተዳደሩ ጋር ያለው ግንኙነት እንዳይሻክር። ስለዚህ ሒሳቡ አጭር ነው። ቶኩናጋ በየካቲቱ ምርጫ ከወደቀ ፈራሚ አይኖርም፤ ናጋሴም ሚያዝያ ላይ አምስቷን ሞልታ ታስተምራለች። ካለፈ ወደ ዓሣዋ ትመለሳለች። ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ደውሎ እንዲጠራት ደግሞ ማን ዋስ ይሆናታል? ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

"ታዲያ ራሷ ለምን አትወዳደርም?" የሚል የዋህ አይጠፋም። ዕጩ የሚያቀርበው የትምህርት ክፍል ነው፤ ተባራሪ መምህር ደግሞ የማንም ክፍል አይደለም። በዚህም ላይ ለአንድ ወንበር አንድ ዕጩ ብቻ ነው የሚቀርበው፤ ሁለት ማቅረብ ነውር ነው፣ አንዱ ይሸነፋላ! ስለዚህ ምርጫው ምርጫ አይደለም፣ የእምነት መስጫ ነው። ያላመንክበት ሰው ስም ላይ ኤክስ ታደርጋለህ። ያመንክበትን እንዳለ ትተወዋለህ። ባዶ ወረቀት አመነ ማለት ነው። የተኛም፣ የረሳም፣ የፈራም፣ የጨነቀውም፣ ሁሉም አመነ። "ዝም አይነቅዝም" ያለ ሰው ይህን ማኅበር አላየም፤ እዚህ ዝም ሊቀመንበር ይሆናል።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ኡቡካታ የሚባሉ የሽበት ተመራማሪ ናቸው፤ የራስ ሽበት ሳይሆን ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ዓይነት፤ ጠባያቸውም ከሚያጠኑት ብዙ አይርቅም። ሦስተኛው ሃዛማ ነው። ሃዛማ ከሃያ ዓመት በፊት የናጋሴ ተማሪ ነበር። ዛሬ እሱ ቋሚ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነው፤ እሷ ዛሬም ያቺው ናት።

ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ናጋሴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በግርጌው እንደ ጉንዳን የተጻፈችው "ምልክት የሌለበት ወረቀት እንደ እምነት ይቆጠራል" የምትለው መስመር ወደ ላይ ትውጣና ትድመቅ።

"ወረቀቱ ከአርባ ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው" አሉ ኡቡካታ። "እስከ ዛሬ አልታየኝም ያለ ሰው የለም።"

"ያላየ ሰው አለማየቱን በምን አይቶ ይናገራል?"

"ከዚህ በፊት ያልተደረገ ነገር ነው፣ ሰንሴ።"

እዚህ አገር ይቺ ዓረፍተ ነገር የመቃብር ድንጋይ ናት፤ ከላይዋ ምንም አይበቅልም። ከስብሰባው ሲወጡ ናጋሴ ሃዛማን ደረጃው ላይ ያዘችው።

"አንተስ? አንድ ቃል እንኳ አትተነፍስም?"

"ሰንሴ፣ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው።"

"እንግዲያው ልብህን ኮሮጆ ውስጥ ክተተዋ!"

ቆጠራው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ሆነ። ውጪ በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሷል፤ ውስጥ የጋዝ ምድጃው ያፏጫል። ኦሪሃራ ሳን፣ መምህር ስላልሆነች በአክብሮት ‹ሳን› ብቻ የምትባለው የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያገለገለች ሴት፣ ሻይና አንድ ቅርጫት መንደሪን አቀረበች። ናጋሴ በመቀሷ ቀደደች፣ ኡቡካታ አነበቡ፣ ሃዛማ ደረደረ።

ባዶ። ባዶ። ኤክስ። ባዶ። ኤክስ። ኤክስ። የናጋሴ ጆሮ ጋለ።

ከዚያ ሦስት ማዕዘን መጣ። ንጹሕ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ሦስት ማዕዘን።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"‹እንዲያው ደህና ነው› ማለት ነው" አለ ሃዛማ። "ፈተና ስናርም እንደምናደርገው፤ ልክም ስህተትም ሳይሆን ሲቀር።"

አሥራ አራት ሦስት ማዕዘን ተገኘ። የተማሩ ሰዎች! ዲግሪያቸው ግድግዳ አይበቃውም፤ "አምንሃለሁ ወይስ አላምንህም?" ተብለው ተጠየቁና ጂኦሜትሪ ሠሩ። ስድስቱ ደግሞ "እንደ ወደዳችሁ"፣ "በርቱ" የመሳሰለውን ጽፈዋል። ይሄ ሁሉ ውድቅ ነው፤ ናጋሴም አልተከራከረች።

ከዚያ ግን ሌላ መጣ። ጥርት ያለ ኤክስ፤ ከጎኑ በእርሳስ፣ ቅንጣት በምታህል ፊደል፦ "ይቅርታ።" ቀጣዩም፦ "ለስድስት ዓመት ልፋትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ሌላውም፦ "ጥፋቱ የኔ ነው።" ስም በሌለው ወረቀት፣ በታሸገ ፖስታ፣ ማንም በማያያቸው ቦታ አጎንብሰው ይቅርታ የጠየቁ አሥራ አንድ ሰዎች።

ኡቡካታ መነጽራቸውን አስተካክለው ደንቡን ገለጡ። "አንቀጽ አሥራ ሰባት። ከኤክስ ሌላ ማናቸውም ጽሑፍ የሰፈረበት ወረቀት ዋጋ የለውም።"

ኦሪሃራ ሳን ሰሌዳው ላይ ደመረች። ባዶ ሰባ አራት። ኤክስ ስልሳ ስምንት። ይቅርታዎቹ ቢቆጠሩ ግን ኤክስ ሰባ ዘጠኝ ነበር፤ ቶኩናጋ ወድቆ ነበር።

"ኡቡካታ ሰንሴ" አለች ናጋሴ፣ ድምጿን ለመግራት ጠረጴዛውን ጨብጣ። "ሰው እግርዎን ረግጦ ‹ይቅርታ› ቢልዎ፣ አልተረገጥኩም ይላሉ?"

"እግሬ የምርጫ ደንብ የለውም።"

"ኤክሱን አይተዋል አይደል? ዓይንዎስ ደንብ አለው?"

"ወደ ድምፅ እንሂድ። እርስዎ ይቆጠሩ ይላሉ፤ እኔ አይቆጠሩ እላለሁ። ሃዛማ ሰንሴስ?"

ሃዛማ መንደሪን ይልጥ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥስ በአንድ ቁራጭ ለማውጣት የሚታገል ይመስል አንገቱን ደፋ። "እኔ... ምንም አልልም። ለሰብሳቢው እተወዋለሁ።"

"ተቃውሞ ስለሌለ ተስማምተናል" አሉ ኡቡካታ፣ ደብተሩንም ከደኑ።

ናጋሴ ወደ ሃዛማ ዞረች። አልጮኸችም፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ የምታስነሣበት ድምፅ ነበር። "ሃዛማ። የመጀመሪያው ቀን ያስተማርኩህ ቃል ምን ነበር?"

"...‹ናይን›፣ ሰንሴ።"

"ትርጉሙስ?"

"‹አይሆንም›።"

"ዓመቱን ሙሉ ‹እጅግ በጣም ጥሩ› የሰጠሁህ በስህተት ነው።"

መንደሪኑ ከእጁ ወደቀ። ማንም አላነሣውም።

ውጤት መግለጫው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኦሪሃራ ሳን ሳይሆን ቶኩናጋ ራሱ ነው ያዘጋጀው፣ ገና ሰኞ ዕለት። "በአባላት ሙሉ እምነት" ይላል። ከሥሩ ሦስት ማኅተም ማሳረፊያ ክፍት ቦታ አለ። ኡቡካታ የስማቸውን ማኅተም ቀጥ አድርገው መቱ። ሃዛማ ቀጥሎ መታ፤ የሱ ማኅተም እንደ ልማዱ ወደ አለቃው ማኅተም ዘንበል ብላ ነበር፣ ቀለም እንኳ እጅ ትነሣለች። ወረቀቱ ናጋሴ ፊት መጣ።

መጀመሪያ ያሰበችው አላትምም ብላ መተው ነበር። ክፍቱን ቦታ ስታየው ግን ደሟ ፈላ። ባዶ ብትተወውስ? ባዶ እዚህ ቤት ምን እንደሚባል አሁን ሰባ አራት ጊዜ ቆጥራ መጣች አይደል? ቀዩን የማረሚያ እስክርቢቶዋን አወጣችና ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ አደረገችበት። ከጎኑ ምንም አልጻፈችም።

ስልኩ ጮኸ። ቶኩናጋ ነበር፤ ድምፁ እስከ ምድጃው ድረስ ይሰማል። "ናጋሴ ሰንሴ አላትምም ብለው ይሆናል፣ አይጨነቁ፣ ሁለት ማኅተም ይበቃል። ኦሪሃራ ሳን፣ ምንም ሳይነኩ አሁኑኑ ይለጥፉት!"

"እሺ፣ ምንም አልነካም" አለች ኦሪሃራ ሳን። ከነቀዩ ኤክሱ ወስዳ መግቢያው ሰሌዳ ላይ፣ በአራት ስፒል ለጠፈችው። ተመልሳም መሳቢያዋን ከፈተችና ጠርዙ ወደ ቢጫ የሄደ ቅጽ ለናጋሴ ሰጠቻት።

"አንቀጽ ሃያ ሁለት። ውጤት በተለጠፈ በስምንት ቀን ውስጥ አሥር አባላት በስማቸው ከፈረሙ፣ ውድቅ የተባሉት ወረቀቶች ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባሉ። ሠላሳ ሰባት ዓመት በየምርጫው አባዝቼ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ወስዶ አያውቅም።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ናጋሴ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረመች። ቆጠራው ስላለቀ አፏም ተፈትቷል፤ ዓርብም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም ቅጹን ይዛ ዞረች። ሁሉም አጎነበሱላት። "ድካምዎ ይገባናል፣ ሰንሴ።" "በርቱልን።" "ክፍሌን ላማክር።" አንዱ ሊፍት ውስጥ አይቷት በደረጃ ወጣ፤ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ። ረቡዕ ዕለት ቅጹን ኦሪሃራ ሳን ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ ሱፐርማርኬቱ ደውሎላት ስለነበር የጎማ ጓንት ቁጥሯን ልትነግር ሄደች። ስትመለስ ሁለተኛው መስመር ላይ የሆነ ነገር አየች። ጎንበስ ብላ አየችው።

ሦስት ማዕዘን ነው። በእርሳስ።

እነሆ፣ ቀነ ገደቡ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ቅጹ ከመንደሪኑ ቅርጫት አጠገብ ተዘርግቷል፤ ዘጠኝ ፊርማ ይጎድለዋል፤ አሥራ አንዳችሁ ደግሞ ከኛው መካከል ናችሁ፣ በየምሳ ሰዓቱ ፊት ለፊታችን ኑድል ትበላላችሁ። ይህችን ጽሑፍ የምታነብ፣ ከአሥራ አንዱ አንዱ የሆንክ አንተ፦ ና። እርሳስህን እቤት ተውና እስክርቢቶ ይዘህ ና። ሦስተኛው መስመር ላይ ስምህን ሙሉውን ጻፍ። ከስምህ ጎን ግን፣ በፈጠረህ፣ ይህችን አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ምንም አትጻፍ።