በጣና ዳር የተከተለኝ ሊቀ መንበር

ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ካኪ ለብሷል፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እሱ የተከተለው ሰው የት እንደሚገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ደግሞ የልብ በሽተኛ ነኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ፣ "አባቴ፣ ጠዋት ጠዋት በጣና ዳር ይራመዱ፤ መተኛቱ ነው የሚጎዳዎ" ብሎኝ ነበር። በየእርምጃው የምሞት እየመሰለኝ ስራመድ ከረምሁ። አሁን ደግሞ ይኼ መጣብኝ! ታንኳ ስቀዝፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ምን ተናገርሁ?

ፈጠንሁ። ፈጠነ። ሮጥ አልሁ። እሱም ሮጠ! ልቤ ደረቴን ሰብራ ልትወጣ ደረሰች። ደንገሉን እየጣስሁ ታንኳዎቹ ከሚታሰሩበት ደረስሁ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው። "እንግዲህ የመጣው ይምጣ" ብዬ ዞርሁ።

ሊቀ መንበሩ ደረቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል። ይገርማል፣ ያን ሁሉ ሮጬ እኔ ቆሜያለሁ!

ቀረብ ብዬ፣ "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አልሁት።

እጄን ያዘኝ።

"ምንም አላጠፉም፣ አባቴ። እኔም ልቤን ታምሜ ነው። ሐኪሙ ተራመድ ቢለኝ፣ ብቻዬን መንገድ ላይ እንዳልሞት ፈራሁ። እርስዎ ሲራመዱ ባይ ጊዜ ከኋላዎ መሄድ ጀመርሁ። አደራዎን፣ ለማንም አይንገሩብኝ። ነገ ደግሞ ቀስ ይበሉልኝ!"