ለፍርድ ቀን ያጠበቅኋት ቡሎን

ሠላሳ ስምንት ዓመት የአውሮፕላን ቡሎን ሳጠብቅና ስፈታ ኖሬ፣ በመጨረሻ አንዲት የመኪና ታርጋ ቡሎን አቃተችኝ። ዛሬ ይህን ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ። ያን ዕለት ግን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ በራሱ ላይ ለመሳቅ የማይሰንፈው እኔም ጭምር።

ሪያድ ነበርን፣ በፈረንጆቹ 2014፣ ግንቦት ላይ። ጡረታ ወጥቼ ጓዛችንን አስረናል። ቅዳሜ ንጋት ላይ እንበራለን፣ እሁድ አዲስ አበባ ልጃችን ትዳራለች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ አስፈጻሚ ደወለልኝ። ያገሬ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ በስምዎ መኪና አለ እንዴ?»

«ነበር። ሞተሩ ከሞተ ሁለት ወሩ።»

«ኮምፒዩተሩ ላይ ገና አልሞተም። መኪና በስሙ ላለ ሰው ኹሩጅ አይመታለትም።»

ኹሩጅ የሚሉት የመጨረሻውን መውጫ ቪዛ ነው። ያለ እሱ እኔም ሆንኩ በእኔ ፈቃድ የምትኖረው ባለቤቴ ከአገሩ ንቅንቅ አንልም። ሁለቱን ታርጋ ከሰባት ሰዓት በፊት ለትራፊክ ጽሕፈት ቤት ማስረከብ አለብኝ። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። ቀጣዩ የሥራ ቀን እሁድ ነው፣ እሁድ ደግሞ ሠርጉ።

«ደግሞ ታርጋው ደህና ይሁን» አለ ልጁ። «የተቀደደ ወይ የተቃጠለ ካመጡ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና አስመዝግብ ነው የሚሉዎት።»

ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ «ያቺን መኪና ከስምህ አውርዳት» ስትለኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ «ኢንሻአላህ» እያልኩ ከርሜያለሁ። ክርስቲያን ብሆንም ያችን ቃል ለስንፍና በመጠቀም የሚቀድመኝ አልነበረም። ስልኩን ስዘጋ ፊቴን አየች። ጥቁሩን የውጭ ቀሚሷን፣ አባያዋን፣ ደረበች።

«አንቺ ወዴት?»

«አብሬህ ነዋ። ብቻህን ከሄድክ ስትሰናበታት ይመሻል።»

መኪናዬ አሮጌ ጂፕ ናት፤ ሱለይ የሚባል ሰፈር ነበረች፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ አሮጌ መኪና የሚጨፈለቅበት ግቢ ውስጥ። ባለግቢው የመናዊ ነው፣ እንደኔው ሽበታም። የመጨፍለቂያ ተራዋ ከቀትር በኋላ መሆኑን ነግሮኝ መሣሪያዬን ሲያይ «አሃ፣ ሙሀንዲስ» አለኝ። መሐንዲስ መባሉን ወደድኩት። ብዙም አልቆየልኝም።

የፊተኛው ታርጋ በሁለት ደቂቃ ወረደ። የኋለኛው በኋላ በሯ ላይ በሁለት ቡሎን ነው የታሰረው። የግራዋ እንደ ጨዋ ልጅ ወጣች። የቀኟ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትወጣም። በበሩ ውስጥ የምትጠልቅበት ዳዶ አብሯት ይዞራል። ዝገት መስሎኝ ዘይት አጠጣኋት። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። ዞረች፤ አልወጣችም።

«አንተ» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «ይቺ ያቺ ቀይ ማጣበቂያ ያደረግህባት አይደለችም?»

እጄ ቀጥ አለ። ከአራት ዓመት በፊት ይኸው ታርጋ አውራ ጎዳና ላይ ወድቆብኝ ከፖሊስ ትራፊክ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። አዲሱን ሳስር፣ የሞተር ቡሎን በንዝረት እንዳይላላ የምናደርገውን ቀይ ማጣበቂያ የቀኟን ቡሎን ቀባኋትና ሰፈር እስኪሰማ ፎከርኩ፤ «ከእንግዲህ ይቺን የሚፈታት የፍርድ ቀን መልአክ ነው» ብዬ።

«መልአኩ ዛሬ ይመቸው እንደሆነ ጠይቀው» አለች።

ማጣበቂያው በዘይት አይለቅም። እሳት ይፈልጋል፤ እሳት ደግሞ የታርጋውን ቀለም ይልጠዋል። ቀሪው መንገድ አንድ ነበር፦ አንድ ሰው ዳዶውን ከውስጥ በቁልፍ እንዳይዞር ይይዛል፣ ሌላው ቡሎኗን ከውጭ በጉልበት ይፈታል። የበሩን የውስጥ ልብስ ገነጠልኩ። ቀዳዳው የኔን መዳፍ አያስገባም። ባለቤቴ ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችኝና እጅጌዋን ሰበሰበች። የመናዊው ክንዷን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጇን እስከ ክርኗ አስገባችው። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ነበርና ጥርሷን ነከሰች።

«ይዤዋለሁ። አሁንስ?»

«አንቺም አግዢኝ፣ ወደ ግራ አዙሪ።»

«የማን ግራ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ። «አንቺ ከውስጥ ነሽ» አልኳት በመምህር ድምፅ፣ «ላንቺ ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ።»

እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ አዞርን። ቡሎኗ እንዴት ደስ ብሏት እንደዞረች። ላቤ እስኪንጠባጠብ ካዞርን በኋላ ነው የገባኝ፤ ፊት ለፊት ስለሆንን የእሷ ቀኝ የኔ ግራ ነው፣ ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የምናዞረው። ዳዶውንና ቡሎኗን አስተቃቅፈን እናስጨፍራቸው ነበር። ጥፋቴን ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እጄ አልወጣም አለ።»

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እሷ ስትደነግጥ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ የኔ ነው የሚጨምረው። አምስት ሰዓት አልፏል። የተረፈውን ዘይት በክንዷ ላይ አፈሰስኩ። አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ አጣጥፋ ቀስ በቀስ ስባ አወጣችው። የጣቷ አንጓ ተልጦ ነበር።

ይህን ጊዜ የመናዊው መቁረጫ ማሽኑን ይዞ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ሁለቴ በእጄ ምልክት መልሼዋለሁ።

«ምንድን ነው የሚልህ?»

«በሩን ልቁረጠው ነው የሚለው፣ በታርጋው ዙሪያ።»

«ታዲያ ለምን አይቆርጠውም?»

«በሩ ይበላሻላ» አልኳት።

ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጂፗን፣ ከዚያ ከጂፗ ባሻገር እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው የደራረቧቸውን መኪናዎች አየች።

«ለማን?» አለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ የአውሮፕላን ላሜራ በካቻቪቴ ጫፍ ከጫርክ ጽፈህ ፈርመህ ነው የምታድረው። ያ ትምህርት አጥንቴ ድረስ ገብቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ለሚጨፈለቅ በር ስሳሳ የሚስቴን እጅ አስልጫለሁ።

«ቁረጠው» አልኩት።

ብልጭታው ታርጋውን እንዳይነካው በውኃ የራሰ ካርቶን አለበስኩት። የመናዊው ላይኛውን ቆረጠ፣ ታችኛውን ቆረጠ፣ የቀኙን ጎን ጨረሰ። የግራውን ሊጀምር ሲል የቀትር አዛን ተሰማ። ማሽኑን አጠፋና አስቀመጠ።

«ሰላት። ከዚያ ምሳ። ከዐስር ሰላት በኋላ ኑ።»

ዐስር ሰላት ማለት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። አልለመንኩትም፤ ለሰላት የሚቸኩል ሰው አይለመንም። እሱ ግን ወደ ቧንቧው እየሄደ ቁልፎቹን አሳየኝ። «ውዱእ እስካደርግ የግቢውን በር አልዘጋም።»

እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን እስኪታጠብ ድረስ፤ ያ ነበር የቀረን ጊዜ።

አሁን ነው ያ ሁሉ ዓመት አንዴ የጠቀመኝ። ብረት ይደክማል። ባንድ ቦታ ላይ መላልሰህ ካጠፍከው ይሰነጠቃል። የአውሮፕላን ክንፍ ላይ እንዳይሆን ዕድሜዬን ሙሉ በባትሪ ስፈልገው የኖርኩት ነገር ይኸው ነው። ካርቶኑን ለሁለት ቀደን እጃችንን ጠቀለልንበት።

«ወደ እኔ» አልኳት። «አሁን ወደ አንቺ።»

«ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አታምጣብኝ እንጂ።»

ወደ እኔ፣ ወደ እሷ። ቧንቧው ይንፎለፎላል። ላሜራው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ነጭ መስመር አወጣ፣ ከዚያ ከላይ በኩል ጠጠር የረገጥክ ያህል ተንቋቋ። ቧንቧው ተዘጋ። የመናዊው እግሩ ውኃ እያንጠባጠበ ሲመጣ እኔ በቂጤ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ታርጋውን ከነበሩ ቁራጭ ታቅፌ።

«ያላ፣ ሙሀንዲስ» አለ።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ከሰላት በኋላ እንደተከፈተ፣ ሰባት ሊሆን ሩብ ሲቀረው፣ መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ሁለቱን ታርጋ አስገባሁ፤ የኋለኛው ከነበሩ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ በጠርዙ ቆመ። ፀሐፊው ወጣት ነው። አንዴ ገለበጠው። ቡሎኗን በጣቱ አዞራት፣ ዞረችለት። ወደ ኋላው ዞሮ አለቃውን ሊጠራ መስሎኝ የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ። የታርጋውን ቁጥር ከወረቀቴ ጋር አስተያየ። ከዚያ ሙሉውን፣ ከነበሩ ቁራጭ፣ ከኋላው ወዳለው ትልቅ የብረት ሣጥን ወረወረው። ጓ ብሎ ሲያርፍ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ኸላስ» አለና ማኅተሙን መታ።

ኹሩጁ ለስምንት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ወጣ። መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲገባ ታክሲ ውስጥ ነበርን። ለባለቤቴ ቀለበቷን መለስኩላት። አንጓዋ አብጦ አልገባ ስላለ ለሠርጉም በሌላኛው እጇ አደረገችው።

እሁድ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ መጡ። ላሜራው የቆረጣቸው ጣቶቼ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ሙሽራው ከየትኛው ጉልበት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት አጎንብሶ ቀረ።

«ከግራው ጀምር፣ ልጄ» አልኩት።

ባለቤቴ በነጠላዋ ስር ክርኔን ነካችኝ። «እስቲ ንገረው» አለች ቀስ ብላ፣ «የማን ግራ?»