እትዬ ፍቅርተ የያዙት ምስጢር

እትዬ ፍቅርተማርያም አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ሥራቸው በወላጅና በትምህርት ቤቱ መካከል መቆም ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ወላጅ ሲጠራ ያስተረጉማሉ፣ ልጅ ሲቀር ቤት ይደውላሉ፣ አዲስ የመጣ ተማሪ ክፍሉ ሲጠፋበት ይዘውት ይሄዳሉ። አገር ቤት ጎንደር አካባቢ አራተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር። በሱዳን በኩል ተሰደው፣ ገዳሪፍ ስድስት ዓመት ቆይተው ነው አውስትራሊያ የገቡት። እሑድ ቅዳሴ አይቀሩም፤ ጾም አይሽሩም። ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ፣ ያደረጉት ነገር ቀሏቸው ያደረጉት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቃልኪ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብዙ ከተቁነጠነጠች በኋላ የምትወደው ሴት ልጅን እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ ደነገጡ። ምን እንደመለሱላት እንኳ አያስታውሱም። ማታውን ሲያስቡ አድረው፣ «እናቷ ማወቅ አለባት» ብለው በማግስቱ ለእናትየው ደወሉ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ልጅቷን የረዷት መስሏቸው ነበር። በሳምንቱ ቃልኪ ከቤት ወጣች፤ ትምህርቷንም ተወች። ወዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ አይታወቅም። እናትየው አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አግኝታቸው፣ «ምነው ያን ቀን ስልኩ ባልሠራ፤ ልጄ ዛሬ እቤቴ ነበረች» አለቻቸው። እትዬም ያን ለንስሐ አባታቸው ሲናገሩ፣ የእኔ ያልሆነ ምስጢር አውጥቼ ልጅ አጠፋሁ ብለው ነው የተናገሩት።

ከነዓን የመጣው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ሒሳብ የሚወድ፣ ዝምተኛ ልጅ። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደገው አባቱ ታዴዎስ ብቻውን ነው። ታዴዎስ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ልጁ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መቅረት ሲጀምር፣ የተማሪዎችን ደኅንነት የምትከታተለው መምህርት እትዬን «እስቲ አናግሩት» አለቻቸው። ማክሰኞና ሐሙስ የስፖርት ቀን ነው።

ላይብረሪ ውስጥ አገኙት። መጀመሪያ «አይ ዶንት ኖው» ብቻ ነበር መልሱ። ቆይቶ ነገራቸው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች ልብሱን እየወረወሩ በአንድ የአማርኛ ቃል ይጠሩታል። ሦስቱም የእኛው ልጆች ናቸው። የስፖርት መምህሩ በር ላይ ቆሞ ቃሉን ይሰማል፤ ግን ቅጽል ስም መስሎት ይስቃል።

እትዬ ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከነዓን ይህንን አይቶ፣ «እውነታቸውን ነው፣ እትዬ። እኔ... ያ ነኝ» አለ። ወዲያውም እጃቸውን ያዘና፣ «ፕሊስ፣ ዳዲ እንዳይሰማ» አላቸው።

«ከእኔ አይሰማም» አሉት። «ደግሞ አንተ ያ ቃል አይደለህም። ያ ስድብ ነው።»

በዚያው ቀን ልጁን አስፈቅደው፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ለመምህርቷ አስረዱ። በእንግሊዝኛ ሲሉት አፋቸውን አቃጠላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ከነዓን ላሉ ተማሪዎች ድጋፍ ተብሎ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ባለ ብዙ ቀለም ባንዲራ እሳቸው ለዓመታት አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያልፉት። ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ ያላቸው ጥያቄም በአንድ ቀን አልተመለሰም። ነገር ግን ስፖርት ሲደርስ ፈርቶ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ፊታቸው ነበር፤ ያ ጥያቄ ቆይቶ የሚመለስ ነበር፣ ልጁ ግን አይቆይም።

ትምህርት ቤቱ የሦስቱን ልጆች ወላጆች ጠራ። አስተርጓሚዋ እትዬ ነበሩ። አንዱ አባት ተቆጥቶ፣ «ይህን ነገር ባህላችን አይቀበለውም በይልኝ» አለ። እትዬ ያለውን ሳይቀንሱ ተረጎሙ። ከዚያ ርእሰ መምህሩን ፈቃድ ጠይቀው፣ በራሳቸው ስም፣ «ለሦስት ሆኖ አንድን ልጅ ማዋረድንስ ባህላችን ይቀበለዋል?» ብለው ጠየቁት። የአንዱ ልጅ እናት አለቀሰች።

ታዴዎስም ስለ ልጁ መቅረት ሌላ ቀን ተጠርቶ መጣ። ስብሰባው ሲያበቃ እትዬን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተላቸው።

«እትዬ፣ የደበቁኝ ነገር አለ።»

«ልጅህ ክፉ አልሠራም፣ ታዴ። የቀረው ፈርቶ ነው። ሌላውን ሲችል ራሱ ይነግርሃል።»

«አባቱ እኮ ነኝ!»

«አባቱ ስለሆንክ ነው ታገሠው ብዬ የምለምንህ።»

ታዴዎስ የመኪናውን በር ዘግቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሰላምታው ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ። እትዬ ይህን ቻሉት።

በክረምቱ መጨረሻ ከነዓን ራሱ መጣ። ለአባቱ መናገር ፈልጓል፤ ችግሩ ሌላ ነበር። «አማርኛዬ አይደርስም» አላቸው። ከአባቱ ጋር የሚያወራበት አማርኛ «በላህ?»፣ «ና»፣ «ቁልፉ የት ነው?» ነው። የአባቱ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ገጽ ሙሉ ጽፎ አመጣና «በአማርኛ ያድርጉልኝ» አላቸው።

ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። ከባዱ ቃሉ ነበር። ሰው የሚያውቀው ስድብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሚያድለው በራሪ ወረቀት ላይ ያለው «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። በመጨረሻ እትዬ ሁለቱንም ተዉና፣ «ልቤ የሚሄደው ወደ ወንድ ነው በለው» አሉት። ከነዓን ደጋግሞ አለው።

እትዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እነ ከነዓን ቤት ሄዱ። አክስቱ ማሂ ኬንሲንግተን ከሚባለው ሰፈሯ መጥታ ነበር፤ እሷ አስቀድማ ታውቃለች። ከነዓን ቆሞ ተናገረ። መሐል ላይ ቃል ሲጠፋው እትዬን አየ፤ እትዬም ቃሏን አቀበሉት። ጨረሰ። ታዴዎስ ጃኬቱን አነሣና ወጣ። ሁለት ሰዓት ጠበቁት፤ አልተመለሰም። ማሂ የልጁን ልብስ በቦርሳ አድርጋ እሱንም እቤቷ ወሰደችው።

ከነዓን አምስት ሳምንት እዚያ ሰነበተ። ከኬንሲንግተን ባቡር እየቀየረ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ አንድ ቀን አልቀረም። እትዬ ግን በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ አልነበራቸውም። በፊት ተናግረው ልጅ አጠፉ፤ አሁን ደግሞ ልጁ እንዲናገር ረድተው አባት አጠፉ እንደሆነስ?

አንድ ሰኞ ጠዋት ታዴዎስ ከሥራ በቀጥታ፣ ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ቆመ። መምህርቷን ማነጋገር እፈልጋለሁ አለ። ተቀመጡ። ታዴዎስ ወደ እትዬ ዞረና፣

«እዚህ የሚመታው አለ ወይ በሉልኝ» አለ።

እትዬ ተረጎሙ። መምህርቷ እውነቱን ነገረችው፤ መትተውት ባያውቁም የሚያዋርዱት ልጆች እንደነበሩ፣ ሦስቱም እንደተቀጡ፣ ልብስ የሚቀይርበት ሌላ ክፍል እንደተሰጠው፣ መምህራኑም የእኛን ስድብ ለይተው ማወቅ እንደተማሩ። ታዴዎስ እያንዳንዱን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን ሁሉ ብቻውን ችሎ ነው?» አለ። ይህኛውን እትዬ አልተረጎሙትም፤ የተጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

«ብቻውን» አሉት።

ታዴዎስ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እኔም አልመታውም በሉልኝ» አለ። «ሌላው ነገር አይገባኝም። መቼም የሚገባኝ አይመስለኝም። ግን ቤቱ ይምጣ።»

እትዬ ተረጎሙ።

ከነዓን በዚያው ሳምንት ተመለሰ። ነገሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። ታዴዎስ ቃሉን አይጠራም፤ «ያ የነገርከኝ ነገር» ነው የሚለው፣ እሱንም በወር አንዴ። ልጁ በዚህ ይናደዳል። እትዬ ስለ አባቱ ደግ ሲናገሩ «ዶንት ዲፌንድ ሂም፣ ለእሱ አይሟገቱለት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይከራከሩትም።

ከነዓን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እሱ ነርሲንግ እማራለሁ ይላል፤ አባቱ ሒሳብ ለሚችል ልጅ ኢንጂነሪንግ እያለ ነርሲንግ ምንድነው ይላል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ሲደውሉ በዚሁ ጉዳይ ሁለቱም አንድ ላይ ነበር የሚጮኹት፤ አባቱ በአማርኛ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ። እትዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ማንም አስተርጉሙልን ሳይላቸው፣ ጥቂት አዳመጡና፣ ያለ እኔም ይግባባሉ ብለው ዘጉት።