መኪና ያለው ይምጣ

ከሥራ ያሰናበተን በጸሎት ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ሦስታችንን ሾፌሮች ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰበሰበንና «ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ እንጸልይ» አለ። ዓይናችንን ጨፈንን። ስለ አገር ሰላም ጸለየ፣ ስለ ዝናቡ ጸለየ፣ ስለ ቤተሰቦቻችን ጸለየ። «አሜን» ብለን ስንገልጥ የጭነት መኪኖቹን መሸጡን ነገረን። ነዳጅ የለም፣ መለዋወጫ የማይቀመስ ሆኗል፣ የሾፌር ደመወዝ ከአቅሜ በላይ ነው አለ። ከዚያ ፊቱን ፈታ አድርጎ፣ «ሥራው ግን አለ። መኪና ያለው ይምጣ፤ በጉዞ እከፍላለሁ» ሲል ጨመረ።

መኪና ያለው! መኪና ቢኖረን እሱ ዘንድ ምን እንሠራ ነበር?

ለዓመታት ከሆሳዕና እየተነሳን ለጃጁራ፣ ለቦኖሻ፣ ራቅ ሲልም እስከ አዲሎ ድረስ ለባለሱቆች ሳሙና፣ ዘይትና ለስላሳ ስናደርስ ኖረናል። ከሦስታችን አንዱ አዲስ ያገባ ጎልማሳ ነበር። ሌላው እኔ «ጋሼ» የምላቸው አንጋፋ ሾፌር ናቸው። አባታቸው ከሰሜን በፖሊስነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ግን ተወልደው ያደጉት ሆሳዕና ነው፣ ሐዲይኛን ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ። እኔን መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ከግቢው ወጥተን መናኸሪያው ደረስን። እዚያ ቆም አሉና፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሥራ ስንፈልግ ከረምን። የሰው ባጃጅ ለመንዳት እንኳን ወረፋ ነበረው። የቤት ኪራዩና የእህሉ ዋጋ ደግሞ እኛ ሥራ እስክናገኝ ቆመው አልጠበቁንም። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ደመወዟ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከአማቴ ጓሮ ቆጮ ባይላክልን ምን እንበላ እንደነበር አላውቅም።

አንድ ቀን ጋሼ ዱራሜ፣ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ የቆመ አሮጌ ፒካፕ ማየታቸውን ነገሩኝ። መኪናው ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። እሳቸው የሚስታቸውን ወርቅ፣ እኔ ላማችንን ሸጠን በሽርክና ገዛነው። ላሟን ለሠርጋችን የሰጡን የባለቤቴ ወላጆች ነበሩ። ባለቤቴ አልተከራከረችኝም። ገዢው ላሟን እየጎተተ ሲወስዳት በሩ ላይ ቆማ ካየች በኋላ፣ «እሷን እኛ ነበርን የምናልባት፤ ያ መኪና ግን እኛኑ ነው የሚያልበን» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። ዛሬ ራዲያተሩ ያፈሳል፣ ነገ ጎማው ይፈነዳል፣ እሱ ሲጠገን ባትሪው ይሞታል። አዲስ መለዋወጫ መጠየቁንም ተውነው፤ ከሞቱ መኪኖች ላይ እየነቀልን ለእሱ መትከል ሆነ ሥራችን። ለናፍጣ ማደያ በር ላይ ተሰልፈን ውለን፣ ተራችን ሳይደርስ ሲያልቅ መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚቸረችሩት እንገዛለን። እንደገና የምንጭንለት የመጋዘኑ ባለቤት የሚከፍለን ግን ያንኑ ነው። «ነዳጅ ጨመረ እኮ» ስንለው፣ «መኪናው የናንተ አይደለም እንዴ?» ይለናል።

ጋሼ ግን መኪናውን ይወዱት ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ቸብ ቸብ እያደረጉ በሐዲይኛ ያዋሩታል።

«አማርኛ አይገባውም እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው አንዴ።

«በአማርኛ ብዙ ተለምኗል፤ ሰልችቶታል» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ሳቃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ፍሬኑ ያሳስበን ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘልቆ ይገባል። መካኒኩ መቀየር ያለበትን ዕቃ አሳየን፤ የአዲሱን ዋጋ ስንሰማ ግን እርስ በርስ ተያየንና ያገለገለ አስገጠምን። «ለጊዜው ይሠራል» አለን። ያን ጊዜ ኑሯችን ሁሉ ለጊዜው ነበር፤ እኛም አልከፋንም።

በጃጁራ የገበያ ቀን ነው የከዳን። ጋሼ ይነዳሉ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ኋላችን ለስላሳና ዘይት ሞልቷል። ቁልቁለቱን ስንጀምር እግራቸው ወለሉ ድረስ ሲወርድ አየሁ። ደጋግመው ረገጡ። ምንም የለም። ማርሽ ቀነሱ፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናው አልተያዘም። የእጅ ፍሬኑን እኔ ሳብኩት፤ እጄ ላይ ላላ። ከፊታችን መንገዱን የሞሉት ገበያተኞች ናቸው፤ እንስራ ያዘሉ ሴቶች፣ የተጫኑ አህዮች። ጋሼ «ያዝ!» ብቻ አሉኝና መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ አንድ የእንሰት ማሳ ጠመዘዙት።

እንሰቶቹ ናቸው የያዙን። አንዱ ሲሰበር ሌላው እየተቀበለን በመጨረሻ በጎናችን ወደቅን። ጠርሙሶቹ ሲሰባበሩ የነበረው ድምፅ ቆሞ ጸጥታ ሲሆን ጋሼ ሲያቃስቱ ሰማሁ። እግራቸው ከታች ተይዟል።

ቀድማ የደረሰችው የማሳው ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጎረቤት ጠርታ፣ በሩን በመቆፈሪያ አስፈልቅቃ ጋሼን አስወጣቻቸው፤ ነጠላዋን ቀድዳ እግራቸውን አሰረችላቸው። ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው ዞር ብላ ማሳዋን ያየችው። ራሷን ይዛ ቁጢጥ አለች። እንሰት እንደ በቆሎ ዘንድሮ ተዘርቶ ዘንድሮ አይበላም። እኛ በአፍታ የደፈጠጥነው የልጆቿን የመጪ ዓመታት ምግብ ነው።

ለመጋዘኑ ባለቤት ደወልኩለት። «ተገለበጥን» ስለው፣ «ዕቃውስ?» አለኝ።

«ጋሼ እግራቸው ተሰብሯል።»

«እግዚአብሔር ይማራቸው» አለና፣ «ዘይቱ ተርፏል?» ሲል ጠየቀኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ጭነት አልሰጠንም፤ እኛም የምንጭንበት አልነበረንም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ጉዳዩን ለማየት ተቀመጡ። ለሴትየዋ የምንከፍለው እንደሌለን መልካችንን አይተው አውቀዋል። የእንሰት ችግኝ አምጥተን በገዛ እጃችን እንድንተክል ፈረዱ። በቀጠሮው ቀን እቤት ይቀመጡ ብላቸውም ጋሼ እግራቸው በጀሶ እንደታሰረ፣ ክራንች ይዘው መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ችግኝ ሲያቀብሉኝ እኔ ቆፈርኩ። ሴትየዋ አቆፋፈሬን ስታይ ቆየችና አላስችላት ሲል መቆፈሪያውን ቀምታኝ አሳየችኝ።

ጋሼ በሐዲይኛ ይቅርታ ጠየቋት። ሥራዋን ሳታቆም መለሰችላቸው። ንግግሯን ዛሬም አልረሳሁትም፦ «ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ እኔ ማሳ ማዞርዎን አይቻለሁ። ከፊታችሁ ከሚሄዱት ውስጥ ልጄም ነበረች።» ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። በዕድሜዬ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እኛ እዚያ አፈር ላይ እያለን አንድ ፒካፕ የለስላሳ ሳጥን ቆልሎ ቁልቁለቱን ወረደ። የሚነዳው አብሮን የተባረረው ጎልማሳ ነው። እሱም እንደኛው አሮጌ መኪና ገዝቷል ማለት ነው። ዞር ብሎ አየን። ሁለቴ ጡሩንባ ነፋልንና ሳይቆም አለፈ።

«ሥራችን ያውና» አሉ ጋሼ፣ በዓይናቸው እየሸኙት።

የጋሼ እግር አጥሮ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። እኔ አሁን በቀን ገቢ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። ፒካፑ ተጎትቶ እኔ ግቢ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ላይ ያ ጎልማሳ መጣ፤ ፊቱ ከስቶ፣ ልብሱ ዘይት በዘይት ሆኖ።

«ራዲያተሩን ትሸጥልኛለህ?» አለኝ።

መጀመሪያ እንቢ ልለው ነበር። ግን ለኔ ምን ያደርግልኛል? መፍቻ አምጥቼ አብረን ፈታነው።

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ይመስገን» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ብሎኑን እያዞረ ቆየና፣ «ያን ቀን ሳልቆም ያለፍኩት… ጭነቱ ከዘገየ ለሌላ ይሰጠዋል ብዬ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። የእውነት አውቃለሁ። እሱ ቦታ ብሆን እኔም አልቆምም ነበር። ከባለቤቱ «ዕቃውስ?» ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ራዲያተሩን አንስተን የእሱ ፒካፕ ላይ ጫንንለት። ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር አልነሳ አለ። ከኋላ ዞሬ ትከሻዬን ሰጠሁና እስከ አስፋልቱ ድረስ ገፋሁለት።